ጓዳ ያስቀረነው ልጅ

(ዓርብ ከቀትር በኋላ በኒው ካይሮ ጉባኤያችን ላይ ከእህቶቻችን አንዷ ያቀረበችው ንግግር)

እህቶቼ፣ ከመካከላችን በየሳምንቱ የምትወጣ አለች፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የምትወጣም አለች። ያቺን አንዲት ቀን ሳትተኙባት፣ ልብሳችሁን ሳታጥቡባት እኔን ልትሰሙ ስለመጣችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ መምህርም አይደለሁም። እንደ እናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ ተናገሪ ስባል የመረጥኩት የትምህርትን ነገር ነው። ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ እንደ እኩዮቹ ቶሎ መረዳት ያልቻለ ልጅ እንዴት ትምህርት ቤት ሊገባ እንደቻለ ነው የምነግራችሁ። «ይሄ እኛን ምን አገባን?» የምትል ትኖራለች። ትንሽ ታገሺኝ።

ግብፅ የመጣሁ ሰሞን የመጀመሪያዋ መዳሜ «ስንት እህትና ወንድም አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አራት» አልኳት። ዋሸሁ። አምስት ናቸው። ያልቆጠርኩት ታናሽ ወንድሜን ነው። በሦስት ዓመቱ ማጅራት ገትር ታሞ ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን ቀረ። መንደሩ ሁሉ «ዱዳው» ይለዋል። እኛም ቤት ውስጥ እንደዚያው ነበር የምንለው። አባታችን ያወጣለት ስም አለው፤ የክርስትና ስምም አለው። ግን «ለማይሰማ ልጅ ስም ምን ያደርግለታል» ተባለና ተረሳ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ጓዳ ታስገባዋለች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ለእሱ ያለቀሰችውን ያህል ለማናችንም አላለቀሰችም። ነገር ግን «ምን በድለው ነው እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ?» እንዳይሏት ትፈራ ነበር።

ከዚህ የምልከው ገንዘብ የሌሎቹን ደብተርና ዩኒፎርም ገዛ፤ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ለእሱ የላክሁት የጠበል መሄጃ ብቻ ነበር። ጠበል መሄዱን አልነቅፍም፤ ዛሬም ይሂድ። ግን አንድም ቀን «እሱስ ለምን አይማርም?» ብዬ አልጠየቅሁም። ረስቼ አይደለም፤ ሐሳቡ ራሱ መጥቶልኝ አያውቅም።

አሁን ያለሁበት ቤት፣ እዚሁ ኒው ካይሮ፣ አንዲት ሳቂታ ልጅ አለች። ዳውን ሲንድረም አለባት። በሳምንት 3 ቀን ወደምትማርበት ማዕከል ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። «ቤት ውስጥ የምታለማምጃት አንቺ ስለሆንሽ ገብተሽ ተመልከቺ» አሉኝና ገባሁ። መምህርቷ ልጅቷን የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ታስተምራት ነበር። ለእኔና ለእናንተ አንድ ሥራ ነው፤ እሷ ግን አምስት ቦታ ትከፍለዋለች፦ ቁልፉን መያዝ፣ ቀዳዳውን ማግኘት፣ ማስገባት፣ በሌላው እጅ መቀበል፣ ስቦ ማውጣት። የምትጀምረውም ከመጨረሻው ነው። አራቱን ራሷ ሠርታ የመጨረሻዋን፣ ስቦ ማውጣቱን፣ ለልጅቷ ትተውላታለች። ልጅቷ ስባ ስታወጣው ታጨበጭባለች፤ «ጨረስኩ» ብላ ትነሣለች። እሱን ስትለምድ ሁለቱን፣ ከዚያ ሦስቱን ይተውላታል። ወራት ፈጀ፤ ዛሬ ግን ልብሷን ራሷ ትቆልፋለች።

አንድ ቀን ከማዕከሉ ስንመለስ መኪና ውስጥ እንባዬ መጣ። የሰው ልጅ እጅ ይዤ ለትምህርት አመላልሳለሁ፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈለኛል። የእናቴ ልጅ ጓዳ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ሥራ ሲያልቅ በስልኬ እየፈለግሁ ማንበብ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ የእኛ ሲሆን «በእኛ» እላለሁ።

አገራችን «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» የሚል ተረት አለ። ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ስቀንበታልም። እስቲ ይህን ተረት በልባችሁ ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ከዚህችው ከግብፅ ልጀምር። ቤተሰቦቹ በሙቀቱ ወራት እስክንድርያ ሲወርዱ አብራችሁ የሄዳችሁ አላችሁ። የዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ በዚያች ከተማ ዲዲሞስ የሚባል ሰው ነበር። ፊደል ሳይቆጥር፣ በ4 ዓመቱ ገደማ፣ ዓይኑ ጠፋ። ከእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብ ተማረ ይባላል። የቀረውን ሌላ ሰው ሲያነብለት እየሰማ በልቡ ያዘ። ኋላ በዓለም ስሙ የተጠራው የእስክንድርያ የሃይማኖት ትምህርት ቤት መሪ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስ እንኳ መጥቶ ከእሱ ተምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የዲዲሞስ ዓይን አልተመለሰም። የተለወጠው ፊደሉ ነው፤ ዓይን ያላየውን ጣት እንዲያየው ሆነ። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ሁሉ ከዚህ አይወጣም፦ ልጁን መለወጥ ባንችልም የምናስተምርበትን መንገድ መለወጥ እንችላለን።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ እዚሁ ግብፅ ጣሃ ሑሴን ነበሩ። የተወለዱት በ1889 በሚንያ በኩል በገጠር ነው። ሕፃን ሳሉ ዓይናቸውን ታመሙ፤ ሙያ በሌለው ሰው ታከሙና ጠፋ። ቁርኣን በቃላቸው አጠኑ፤ አል አዝሃር ገቡ፤ በ1914 ዶክትሬታቸውን እዚሁ ካይሮ ተቀበሉ፤ ፈረንሳይ ሄደውም ተማሩ። በ1950 የግብፅ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ትምህርት እንደ ውሃና እንደ አየር ለሁሉ መድረስ አለበት የሚሉ ሰው ነበሩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ እንዲሆንም አደረጉ። ዓይነ ስውሩ ሰው ዓይን ላላቸው ድሆች ልጆች በር ከፈቱ ማለት ነው።

ሴቶችም አሉበት። በ1954 በካይሮ «አል ኑር ወል አመል» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ፤ ትርጉሙ «ብርሃንና ተስፋ» ነው። ለዓይነ ስውራን ሴቶች የተቋቋመ ነው። የሙዚቃ ጓዳቸው ቫዮሊንና ሌላውንም መሣሪያ የሚጫወቱ ሴቶች አፍርቷል። ማስታወሻውን በብሬል ያነቡና በቃላቸው ይይዙታል፤ ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተው አብረው ይጫወታሉ። አውሮፓ ድረስ ሄደው ተጫውተዋል።

ወደ አገራችን እንሂድ። እኛም ባዶ እጃችንን አልነበርንም። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ የመጣችሁ፣ ዓይነ ስውር የኔታ ያላየ አለ? በአብነት ትምህርት ቤት ዜማው የሚገባው በጆሮ ነው፤ ቅኔውም የሚቆጠረው በልብ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከሚያዩት ጋር አብሮ ቁጭ ብሎ ይማር ነበር፤ ሲያውቅም መምህር ይሆናል፣ ሰው ይነሣለታል። ማንም «አካቶ ትምህርት» የሚል ስም አላወጣለትም እንጂ አካቶ ነበር። ጉድለትም ነበረው። በጆሮ የሚሰጥ ትምህርት መስማት ለማይችለው ልጅ ዝግ ነው፤ ለሴት ልጅም ቢሆን በሩ ጠባብ ነበር።

የማይሰማው ልጅ በር በሰፊው የተከፈተው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። በ1760 ገደማ ፓሪስ ላይ ደ ሌፔ የሚባል ቄስ መስማት የማይችሉ ሁለት እህትማማቾች አገኘ። በእጃቸው ይነጋገራሉ። ቄሱ ይህ ቋንቋ መሆኑ ገባው፤ «እነሱ የእኔን ቋንቋ ካልሰሙ እኔ የእነሱን ልማር» አለ፤ ድሃና ሀብታም ሳይል የሚቀበል ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1785 ደግሞ በዚያው ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በዚህ በሁለተኛው ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ልጅ አለ፤ ሉዊ ብሬል ይባላል። በ1809 ተወለደ። አባቱ የኮርቻና የልጓም ሠራተኛ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይኑ ተሻገረና ሁለቱም ጠፉ። በ15 ዓመቱ በወረቀት ላይ ነጥብ እየወጉ በጣት የሚያነቡትን ጽሕፈት ሠራ። የሚወጋበት መሣሪያ ወስፌ ይመስላል። ስድስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። ስድስቱን እያቀያየሩ 63 ዓይነት ምልክት ይወጣቸዋል። የእኛ ፊደል ግን ከ200 በላይ ነው፤ እንዴት ይበቃዋል? ሲጽፉት «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» እያሉ ለእያንዳንዱ ምልክት አያወጡም። ለ«ብ» ድምፅ አንድ ምልክት፣ ለሚከተለው አናባቢ ሌላ ምልክት ያደርጋሉ። በዚህ መንገድ አማርኛም ግእዝም በጣት ይነበባል።

መንገዱ ግን ሁልጊዜ ወደ ፊት አልሄደም። በ1880 በሚላኖ ከተማ የመምህራን ጉባኤ ተሰብስቦ የማይሰሙ ልጆች በእጅ ቋንቋ መማራቸው ይቅር፣ በአፍ ብቻ ይማሩ ብሎ ወሰነ። ከተሰበሰቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በብዙ አገር ልጆች ክፍል ውስጥ በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራ ወጡ። ጉባኤው ያንን ውሳኔ የሻረው በ2010 ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ። ሰውየውን ሳይጠይቁ ስለ ሰውየው ሲወስኑ ጉዳቱ እንዲህ ይረዝማል። እኛ ቤትም ስለ ወንድሜ ሁሉም ይወስን ነበር፤ እሱን የጠየቀ አልነበረም።

በአገራችን ዘመናዊው ልዩ ትምህርት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ወለጋ፣ ደምቢ ዶሎ ነው። በ1925 ገደማ፣ በእኛ 1917 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን በዚያ ዓይነ ስውራንን ማስተማር ጀመሩ። ከዚያው አገር የቄስ ጊዳዳ ሶላን ታሪክ አለ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ወሰደው፤ መንገድ ዳር ይለምኑ ነበር። ከሚሲዮኑ ዘንድ ተማሩ፣ ቄስ ሆኑ። ጣልያን ገብቶ ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ቤተ ክርስቲያኒቱን ይዘው ካቆዩት አንዱ እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ታውቁታላችሁ፦ በ1995 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። መንገድ ዳር ሲለምን ሳንቲም ጥለንለት የምናልፈው ሰው፣ ቢማር ማን እንደሚሆን አናውቅም።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰበታ ላይ «መርሐ ዕውራን» የሚባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። በሻሸመኔና በባኮም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ለማይሰሙ ልጆች ደግሞ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ፣ ኋላም በሆሳዕና ትምህርት ቤት ተከፈተ። አብዛኞቹን የጀመሩት ቤተ ክርስቲያናትና በጎ አድራጊዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአማርኛ የጣት ፊደል ተዘጋጀ። አሠራሩ ደስ ይላል። እጃችሁ ለ«ለ» አንድ ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ ያንኑ ቅርጽ በሰባት ዓይነት ስታንቀሳቅሱት «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» ይሆናል። የአባቶቻችን ፊደል በእጅ ይቆጠራል ማለት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

እነዚህ ለብቻ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሰው አፍርተዋል። ብሬል የሚያውቅ መምህርና መጽሐፉን በአንድ ቦታ ማግኘት ቀላል ነበር። ነገር ግን ዋጋ አለው። ልጁ በ7 ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ ሩቅ አገር አዳሪ ይገባል፤ አገሩን የሚያየው ክረምት ሲዘጋ ነው። የመንደሩ ልጆች አያውቁትም፤ እሱም አያውቃቸውም። ከቤተሰብ ተለይቶ በሰው አገር ማደር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ከወንድሞቹና ከጎረቤት ልጆች ጋር ለምን አይማርም? በ1994 የ92 አገሮች መንግሥታት ስፔን አገር ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው ትምህርት ቤት ልጁን ይምሰል እንጂ ልጁ ትምህርት ቤቱን እንዲመስል አይገደድ በሚል ሐሳብ ተስማሙ። «አካቶ ትምህርት» የምንለው ይህ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአገራችን የትምህርት ፖሊሲም አካል ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ይል ነበር። በ2006 የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2012 ተሻሻለ። በ2006 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን አጸደቀ፤ ግብፅ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀበሉት። ስለዚህ ልጁ መማሩ ምጽዋት አይደለም። መብቱ ነው።

ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ገና ነው። አብዛኞቹ የአገራችን አካል ጉዳተኛ ልጆች ዛሬም ከትምህርት ቤት ውጭ ናቸው። ገብተውም ዝም ብለው የሚቀመጡ አሉ። የማይሰማ ልጅ የእጅ ቋንቋ ከማያውቅ መምህር ፊት ቢቀመጥ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። አብሮ መቀመጥ ብቻውን አካቶ አይደለም፤ የሚረዳው ሰውና የሚማርበት ነገር አብሮ መግባት አለበት።

በዚህ መንገድ ያለፈች አንዲት የወሎ ልጅ ላንሣላችሁ። የትነበርሽ ንጉሤ ትባላለች፤ የአማራ ሳይንት ልጅ ናት። በ5 ዓመቷ ማጅራት ገትር ዓይኗን ወሰደው። ወንድሜን የነካችው በሽታ ናት። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር ተማረች፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመታገሏ በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ስቶክሆልም ላይ ተቀበለች። ይህች ሴት በአደባባይ ደጋግማ የምትናገረው ነገር አለ፦ ዓይኔ ባይጠፋ ኖሮ በልጅነቴ እዳር ነበር ትላለች። ዓይነ ስውር ሴት ለትዳር አትሆንም ተብላ ስትተው ለትምህርት ተረፈች። እህቶቼ፣ ከመካከላችን በ12 እና በ13 ዓመቷ ተድራ ያንን ሸሽታ የተሰደደች የለችምን? ለእኛ ዓይን እያለን የተዘጋው በር ለእሷ በዓይኗ መጥፋት ተከፈተ። ሁለቱም በሮች ለሁላችንም መከፈት ነበረባቸው።

ስለ ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ልንገራችሁ። እንደ እኛ ስደትን የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ብዙ ዘመን አሜሪካ ኖረው ተመለሱ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚሆነው ትምህርት ቤት አጡለት። በዚያን ጊዜ አገራችን ውስጥ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሕዝቡ እርግማን ነው ይል ነበር። እሳቸው አልደበቁትም። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በጥቂት ልጆች ጀመሩ። አፍ ላልፈቱ ልጆች በፊደላችን ድምፅ የሚማሩበትን ዘዴም አዘጋጁ። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ስለ ልጃቸው ተናገሩ። ያን ጊዜ ልጆቻቸውን ቆልፈውባቸው የነበሩ እናቶች በር ከፍተው መጡ። አንዲት እናት «የኔ ልጅ ነው» ስትል ሌላዋም ደፈረች።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ደወልሁ። እናቴን «ይማር» አልኳት። «ሰው ይስቅበታል» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፤ የስልኩ ካርድ አለቀ። በሳምንቱ ደግሜ ደወልሁ። ታላቅ እህቴ ወደ ከተማ ወርዳ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠየቀች። ከመንደራችን ሁለት ሰዓት በመኪና በሚያስኬድ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ለማይሰሙ ልጆች የተለየ ክፍል እንዳለ ነገሯት። እህቶቼ፣ ክፍሉ የተከፈተው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እኛ ቆርቆሮ ስናለብስ ክፍሉ እዚያው ነበር። የጠየቀ ግን አልነበረም።

ወንድሜ አንደኛ ክፍል የገባው በ13 ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ከወንበሩ በላይ ይቆማል፤ አጠገቡ የሚቀመጡት የ7 ዓመት ልጆች ናቸው። የመጀመሪያውን ወር ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ወደ መንደር ተመለሰ። ሦስተኛ ላይ እህቴ ከተማ ቤት ተከራይታ አብራው ተቀመጠች። ትምህርቱ ብር አይጠይቅም፤ ብር የሚጠይቀው የቤት ኪራዩና የመኪናው ነው። እሱን እኔ እከፍላለሁ። ቆርቆሮው ሁለተኛ ዙር ይቆይ አልን።

ባለፈው ፋሲካ በቪዲዮ ደወልኩ። ድሮ ስልክ ሲደወል ወንድሜን የሚጠራው አልነበረም፤ ምን ሊሰማ? አሁን ራሱ ስልኩን ከእህቴ እጅ ተቀብሎ ፊቴን አየና እጁን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሰላምታ መሰለኝ፤ እኔም እጄን አወዛወዝኩለት። ራሱን ነቀነቀ፤ ደገመልኝ። ያኔ የእህቴ ልጅ ከጀርባው ሆና «አክስቴ፣ ስምሽን እኮ ነው የሚጽፈው» አለችኝ።

ወንድሜ ስሜን ያውቀዋል። 13 ዓመት ሙሉ ስም እንዳለኝ አያውቅም ነበር፤ ማን ነግሮት? እኔ ደግሞ የእሱን ስም አውቄ ደብቄያለሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ሰው አንዱ የሆነ ዓይነት የአካል ጉዳት አለበት ይላል። እዚህ ያለነው ስንት ነን? ከእያንዳንዳችን ቤት ባይሆን ከጎረቤታችን አንድ አለ። ከሩቅ ብንሆንም ገንዘብ የምትልክ ልጅ ቃሏ ይሰማል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ቃል በዚህ አውሉት።

አንደኛ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብላችሁ አትለፉ፤ በስሙ ጥሩት። «እገሌ ዛሬ ምን ዋለ?» በሉ።

ሁለተኛ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ወደ ወረዳ ወይም ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂድና «የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያ አለ ወይ? ቅርብ ያለው ክፍል የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መጀመሪያ ሲጠየቁ «የለም» ቢሉ ተመልሶ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ሐኪም ይየው። «ሰነፍ ነው፣ አይገባውም» የተባለ ልጅ መነጽር ብቻ የሚበቃው ሊሆን ይችላል። ጆሮው የሚመግል ልጅም ቶሎ ከታከመ መስማቱ ሊተርፍ ይችላል።

አራተኛ፣ ጠበሉንና ትምህርት ቤቱን አታጣሉ። ጌታችንን ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁት፣ የእሱም የወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም። ጠዋት ጠበል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት።

አምስተኛ፣ አፋችንን እናርም። «ዱዳ»፣ «ጅል»፣ «ቆማጣ» እያልን የምንጠራው ልጅ ስም አለው።

መንገዱ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ክፍሉ ሩቅ ይሆናል፤ መምህሩ ይጎድላል፤ ልጁም እንደ ወንድሜ ይጠፋል። ዕድሜው አልፏል የሚሏችሁም ይኖራሉ። ጊዳዳ ሶላን የተማሩት ሕፃን ሆነው አልነበረም።

ያንን ተረት ይዛችሁልኛል? «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም።» ዲዲሞስ ከእስክንድርያ እስከ ሮም ስሙ ተሰማ። ጣሃ ሑሴን ከሚንያ ገጠር ፓሪስ ደረሱ። ቄስ ጊዳዳ ከመንገድ ዳር ተነሥተው መንጋ ጠበቁ። የትነበርሽ ከአማራ ሳይንት ስቶክሆልም ደረሰች። የጓሮውን አጥር ያጠርነው እኛ ነን፤ የሚነቅለውም ከእኛ በቀር ሌላ አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የመጣች የመዳሜ ጎረቤት «ስንት እህትና ወንድም አለሽ?» አለችኝ። «አምስት» አልኳት። «የመጨረሻው ሦስተኛ ክፍል ነው» አልኩ።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እናንተም እንደገና ቁጠሩ። ጎደሎ ካለ ደውሉ። የጣት ፊደሉን ለመማር የምትፈልግ ካለች ሻይ ሲፈላ አጠገቤ ትምጣ፤ እኔም ገና «ሀ ሁ» ላይ ነኝ፤ አብረን እንማራለን።